ታጥባ ከቆመች በኋላ የኋላ ጎማዋ አልዞር አለ፤ ምን ላድርግ?

ጦሳ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደሴ ነው፣ ሆጤ አካባቢ። መኪናዋ የቆየች ኮሮላ ናት። ማንዋል ናት፤ ፍሬኗ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነው። ወንድሜ ለግሸን ማርያም ንግሥ ይዟት ሄዶ ነበር። ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰች። ላቫጆ ወሰድኳትና ከላይም ከሥርም በደንብ ታጠበች። ከዚያ በቀጥታ ቤት አምጥቼ አቆምኳት። ሰፈራችን ዳገት ስለሆነ የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ ነው የምስበው። ሰሞኑን ካፊያው አላባራ ስላለ ሳልነካት ቆየች።

ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል አልንቀሳቀስ አለችኝ። ሞተሩ ይነሳል። ማርሽ ይገባል። የእጅ ፍሬኑ ወርዷል፣ መብራቱም ጠፍቷል። ፍሪሲዮን ስለቅ ግን ኋላዋ ዝቅ ይላል እንጂ ጎማው አይዞርም። ነዳጅ ትንሽ ስጨምር የተቃጠለ ነገር ሸተተኝና ወዲያው አጠፋኋት።

መምህርት ነኝ፤ ስለ መኪና ውስጥ ብዙ አላውቅም። መካኒክ ከመጥራቴ በፊት ራሴ ላደርገው የምችለው ነገር አለ? ነገ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አለብኝ። ዋናው ጭንቀቴ እሱ ነው።

መርሳ

የኋላው ፍሬን ሸራ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ላይ ተጣብቋል። ዝገት ነው። ነዳጅ እየሰጠሽ አትታገያት።

ሐረጎ

አብሽሪ እህቴ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እሠራለሁ። ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ይሄ ነገር የተለመደ ነው። መኪናዋ አልተበላሸችም ይሆናል። ግን "ይሆናል" ነው ያልኩት። አያ ጋራዥ እስኪመጡ ጠብቂ፤ እሳቸው ይሄን ነገር ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ወረባቦ

ናፍጣ በታምቡሩ ስንጥቅ ርጪበት። ወይም ያን የዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ። ትንሽ ቆይቶ ይለቃል። ሰፈራችን ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

አያ ጋራዥ

ወረባቦ፣ ይሄን ምክር ለሰው አትስጥ። ናፍጣም ሆነ ስፕሬይ ዝገቱን ሊያላላ ይችላል፤ ሸራው ግን ይጠጣዋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ብረት አይዝም። ቤንዚን ብታጥበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ብትፈገፍገው እንደ ድሮው አይሆንም። መጣል ነው ያለበት። ልጅቷ ነገ የሐረጎን ቁልቁለት ልትወርድ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ ልጄ። የሸተተሽ ፍሪሲዮን ነው፤ ማጥፋትሽ ጥሩ ሆነ። እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ አለኝ፤ በዚሁ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ፣ ደግሞ የበልግ ዝናብ ሲይዝ፣ ጎማው የታሰረ መኪና ከደጋ እየተጎተተ ይመጣልኛል።

ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ታምቡሩ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ሸራው የሚነካው ገጽ ቀለምም ቅባትም የለውም። ውሃ ሲያገኘው አድሮ ይዝጋል። ዝገቱ ብቻውን ችግር አይደለም። የፊት ዲስክሽን ከታጠበች ማግስት ብታዪው ቀላ ያለ ነገር ለብሶ ታገኚዋለሽ። ጥቂት ፍሬን ስትይዢ ተፍቆ ይሄዳል። ታምቡር ግን የተከደነ ነው። ውሃው በጠርዙ ይገባል፣ መውጫ ግን አይመቸውም፤ ነፋስም አያገኘውም። በዚህ ላይ የእጅ ፍሬን ስትስቢ ሸራው እርጥብ ብረት ላይ ተጭኖ ይቀመጣል። ብዙው ሸራ ውስጡ የብረት ብናኝ አለው። እሱም ይዝጋል። ሁለቱ ዝገት ተያይዞ ያድራል። ከግሸን የመጣው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ከሁሉ በፊት በቁልቁለቱ በኩል ከጎማዎቹ ሥር ትልልቅ ድንጋይ አስቀምጪ። አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጊው፤ መኪናዋ መነቃነቂያ ያስፈልጋታል። ፍሬኑ ሲለቅ በድንገት ነው የሚለቀው። ከፊቷም ከኋላዋም ሰው እንዳይቆም። ልጆችን በተለይ አርቂ።

ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሺ የእጅ ፍሬኑን ደጋግመሽ ሳቢ፣ መልሺ። ማንሻው ሲወርድ ከበፊቱ የላላ ወይም ባዶ ሆኖ ከተሰማሽ ገመዱ ራሱ ዝጎ ሳይመለስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ንገሪኝ። ደህና ከሆነ ሞተሩን አስነሺ። አንደኛ ማርሽ አስገብተሽ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ልቀቂ፤ መሳብ ስትጀምር መልሰሽ ርገጪ። ቀጥሎ የኋላ ማርሽ አስገብተሽ እንደዚያው አድርጊ። ነዳጅ ሳትሰጪ። ሲለቅ "ጧ" የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ።

ጥቂት ሞክረሽ እምቢ ካለች ተያት። ይሄን የምለው ለፍሪሲዮኑ አዝኜ ብቻ አይደለም። በኃይል ስትጎተት ሸራው ከተጣበቀበት የብረት ጫማ ተገንጥሎ ሊቀር ይችላል። ያኔ ጎማው ይዞራል፣ ሰውም ዳነች ብሎ ይነዳታል። ፍሬን ግን የላትም።

ጦሳ ሥር

አላህ ዕድሜ ይስጥዎት አያ። እግዜር ያክብርልኝ። አሁኑኑ ወርጄ እሞክራለሁ። ማንሻው የላላ አይመስለኝም፤ እንደ ድሮው ነው።

ወልዲያ

እኔ ግን የምለው ሌላ ነው። ከታጠበች በኋላ የእጅ ፍሬን ጨርሶ አይሳብም። ማርሽ ውስጥ አስገብተሽ አቁሚ፣ አለቀ። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው፤ አንድም ቀን ተጣብቆብኝ አያውቅም።

ሐረጎ

ወልዲያ፣ አንተ ያለህበት ሜዳ ይሆናል። ሆጤን አይተኸዋል? ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር የተሠራች ከተማ ናት፤ ሜዳ ላይ የሚያቆም ሰው ዕድለኛ ነው። ማርሽ ብቻውን መኪናን የሚይዘው ሞተሩ እንዳይዞር በመታገል ነው። ያረጀ ሞተር ዳገት ላይ ቀስ እያለ ሊዞር ይችላል። ከመኪናዋ በታች ደግሞ የሰው አጥር አለ፣ ሱቅ አለ፣ ሕፃናት አሉ። የተጣበቀ ፍሬን በመዶሻ ይለቃል። ቁልቁል የሄደች መኪና ግን አትመለስም።

ወልዲያ

ልክ ነህ፤ ዳገቱን አላሰብኩትም ነበር። ታዲያ ለዳገት ሰው መፍትሔው ምንድን ነው?

ሐረጎ

ፍሬኑን አድርቆ ማቆም ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም። ላቫጆ ስትወጣ በቀጥታ ቤት አትግባ። ትንሽ ዞር በል። መንገዱ ነፃ ሲሆን፣ ከኋላህ ሰው አለመኖሩን አይተህ፣ የእግር ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ይዘህ ጥቂት ሂድ። ልቀቅ። እንደገና ያዝ። መጀመሪያ ላይ ፍሬኑ ለዘብ ያለ ይሆናል፤ ሸራውና ብረቱ መሐል ውሃ ስላለ ነው። እየሞቀ ሲሄድ ውሃው ይተናል፣ መያዙም ይመለሳል። ያን ጊዜ ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ የእጅ ፍሬንህን ያለ ስጋት ሳብ። የፊት ጎማውንም ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙረው፣ ድንጋይም አድርግለት።

ሜዳ ላይ ከሆነ ወልዲያ ያለው ይሠራል። ማርሽና ታኮ ይበቃል።

ቦርከና

እኔ የገባኝ ነገር የለም። ኮምቦልቻ አሳጥቤ ወደ ደሴ እወጣለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ ነው ቤቴ የማቆመው። ያም ሆኖ የኋላው ይጣበቃል። ይህን ያህል መንገድ ተነድቶ እንዴት ሳይደርቅ ይቀራል?

አያ ጋራዥ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፍሬንን የሚያደርቀው ኪሎ ሜትር አይደለም። የሚያደርቀው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ የሚመጣው ስትይዘው ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጣ ፍሬን የምትይዘው መቼ ነው? ዳገት ነው፤ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ መኪናዋ ራሷ ትቆማለች። በዚያ ላይ መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። የኋላው ታምቡር ትንሽ ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከኮምቦልቻ የጫንከውን ውሃ ይዘህ ደሴ ገባህ። ደሴ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፣ ጉም አለው። ኮምቦልቻ ላይ ነፋሱ በራሱ የሚያደርቀው ነገር ደሴ ላይ እንደረጠበ ያድራል።

ደሴ ታጥቦ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ይሄ ችግር የለበትም፤ ገና ሐረጎ ላይ ደርቆለታል። የእሱ አደጋ ሌላ ነው። ቁልቁለቱን የሚጀምረው በእርጥብ ፍሬን ነው። ከተማው ውስጥ አድርቆ መውረድ አለበት።

አንተ ኮምቦልቻ ስትታጠብ ከመውጣትህ በፊት ሜዳው ላይ አድርቀው። ደሴ ስትገባም አንዴ ይዘህ ሞክረው።

ቦርከና

አሁን ገባኝ። እርስዎን አላህ ያቆይልን።

ጦሳ ሥር

ለቀቀች! በኋላ ማርሽ ነው የለቀቀችው። ያሉት ድምፅ ተሰማ፤ ደንግጬ ፍሬን ረገጥኩ። ድንጋዩ ባይኖር ወደ ጎረቤት አጥር ትሄድ ነበር። አሁን ጎማዎቹ ይዞራሉ። ሰፈር ውስጥ አንዴ ዞርኩባት። በግራ የኋላ ጎማ በኩል ትንሽ የመፋቅ ድምፅ አለ። ነገ ኮምቦልቻ መውረድ እችላለሁ?

መርሳ

ድምፅ ካለ አትውረጂ።

ሐረጎ

እህቴ፣ ይሄን በደንብ ስሚኝ። እኔ በየቀኑ የምሠራበት መንገድ ስለሆነ ነው የምነግርሽ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,900 አካባቢ ነው። ያን ሁሉ ከፍታ በአጭር መንገድ ነው የምንወርደው፤ መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው። አይሱዙና ሲኖትራክ ከፊትም ከኋላም አለ። አንድ ጎማ ፍሬኑ ሳይለቅ እየተጎተተ ከወረደ ሳትረግጪው ይሞቃል። ሸራው ከልክ በላይ ሲሞቅ መያዝ ይተዋል፤ ትረግጫለሽ፣ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ከደረሰ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት የጠጣው ግን 140 አካባቢ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ይታመቃል፣ ዘይት አይታመቅም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ሐረጎ መሐል ላይ ፔዳል ወለል ሲነካ ምን እንደሚደረግ ማሰብም አልፈልግም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ፈትኚያት። ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል ውጪ። ፍሬን ብዙ ሳትይዢ ጥቂት ንጂ፣ ከዚያ ለቅቀሽ ራሷ እንድትቆም አድርጊ። ወርደሽ እጅሽን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጊ፤ አትንኪው፣ አስጠጊ ብቻ። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል መሆን አለባቸው። ግራው ከቀኙ በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ፣ የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ፍሬን ስትይዢ መሪው ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነ ነገ በሚኒባስ ውረጂ። በእኔም ቢሆን በሌላ።

ጦሳ ሥር

ሞከርኳት ወንድሜ። ግራው ይሞቃል። ቀኙ ደህና ነው። በሚኒባስ እወርዳለሁ። ወንድሜ መካኒክ ይዞ ይመጣል።

አያ ጋራዥ

ጥሩ አደረግሽ። ለሚመጣው መካኒክ ይሄን ንገሪው። ዳገት ላይ ክሪክ አይስቀል፤ ሜዳ ላይ ይውሰዳት። የታምቡሩን ገጽ ሲያይ ቡሎን የሚገባባቸው ሁለት ትንንሽ ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች ያገኛል። 8 ቁጥር ቡሎን ሁለቱም ውስጥ አስገብቶ እኩል እኩል ሲያጠብቅ ታምቡሩ ተገፍቶ ይወጣል። በማርቴሎ ጠርዙን እየመታ መስበር የለበትም። ሸራው ሠርቶ ጠርዝ ካበጀ ከጀርባ ባለችው ቀዳዳ የማስተካከያዋን ጥርስ በካቻቢቴ ይመልሳት፤ ሸራው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል።

ሲከፍተው ሦስት ነገር ይይ። ሸራው ከጫማው ተላቅቋል ወይ? ውስጥ ያለችው ትንሿ ፓምፕ ዘይት ታልባለች ወይ? የጎማ ሽፋኗን (ጎሚኒዋን) ገለጥ አድርጎ ይይ፤ ከውጭ ደረቅ መስላ ውስጧ የረጠበ አለ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሲለቁት በሞላው (በስፕሪንጉ) ኃይል ይመለሳል ወይስ በእጅ መገፋት ይፈልጋል? አንዱ ጎማ ብቻ የሚሞቀው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ከታጠበች በኋላ አንዴ ተጣብቆ የለቀቀ ዝገት ነው፤ ያልፋል። ለቅቆም የሚጎትት ከሆነ ግን ውሃው ምክንያት አይደለም። ውሃው የነበረውን ችግር ነው ያሳየሽ።

ወረባቦ

አያ፣ የእኔ ከፊት ነው የሚይዘው፤ ዲስኩ። ለዚህስ? ናፍጣውን ትቻለሁ።

አያ ጋራዥ

ተባረክ። ከፊት ሲሆን ካሊፐሩን፣ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ዕቃ፣ ተመልከት። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ፤ የጎማ ልባስ አላቸው። ልባሱ ሲቀደድ ውሃና አቧራ ይገባል፣ ፒኑ ይደርቃል። ያኔ አንደኛው ሸራ ዲስኩ ላይ እንደተጫነ ይቀራል። ሲፈታ ፒኑን አጽድቶ የፍሬን ግራሶ መቀባት ነው። ተራውን የኩሽኔታ ግራሶ አይደለም። ተራው ግራሶ የማዕድን ዘይት ነው፤ የፍሬን ጎማ ሲነካው ያብጣል፣ ያበጠ ጎማ ደግሞ ፒኑን ይበልጥ ያንቀዋል። ብዙ ጋራዥ ያለውን ስለሚቀባ ከወር በኋላ መኪናው ይመለሳል።

ፒኑ ደህና ከሆነ፣ ጎማው እንደያዘ ሳለ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ ያድርገው። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ ጥፋቱ ከላይ ነው። የላስቲክ ቱቦው ውስጡ አብጦ ዘይቱን ሲረግጡት ያሳልፋል፣ ሲለቁት አይመልስም። ተከፍቶም ካልለቀቀ ፒስተኑ ራሱ ዝጓል።

ላቫጆ ሐይቅ

ሐይቅ ከተማ መኪና አጥባለሁ። ውይይቱን ስከታተል ነበር፤ ከእኛ በኩል ያለውን ልናገር። አንዳንድ አጣቢ ከሥር ካጠበ በኋላ እንዲያብረቀርቅ ብሎ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ይረጫል። ደንበኛም ራሱ ይጠይቃል፤ ዝገት ይከላከላል ይላል። እኔ ጎማ አካባቢ አልረጭም። ደንበኛ ቢቆጣም አልረጭም። አያ ያሉትን ስለማውቅ ነው።

ሌላው፣ ከቁልቁለት ወርዶ ዲስኩ እየጨሰ በቀጥታ ወደ እኛ የሚገባ ሾፌር አለ። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ዲስኩ ሊጣመም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ እግር ላይ ይርገበገባል። ሻይ ጠጥታችሁ ኑ እላቸዋለሁ። የሚሰማኝ ጥቂት ነው። ባለመኪኖች፣ አጣቢው "ትንሽ ይብረድ" ሲላችሁ ሥራ እየሸሸ አይደለም።

በግፊት ውሃ ሲታጠብ ደግሞ ጫፉን በቀጥታ ወደ ታምቡሩ ስንጥቅ አታስደርጉ። ጭቃውን ከውጭ ማንሳት ይበቃል።

ባቲ በረሃ

የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነኝ። ለትልልቅ መኪና ሰዎች ልጨምር። የእኛ የንፋስ ፍሬን ነው። ንፋስ ሲኖር ይለቃል፤ ንፋስ ሲወጣ ሞላው ገፍቶ ሸራውን ታምቡሩ ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ "የእጅ ፍሬን አልስብም" የሚባል ነገር ለእኛ አይሠራም። ታኮ አድርገህ ለቅቀህ ብታቆም እንኳ ንፋሱ አድሮ ሊወርድ ይችላል፣ ሞላው ራሱ ይይዛል። አድርቆ ማቆም ብቻ ነው ያለን።

ከጂቡቲ ስንመለስ ደግሞ የባሕሩ ጨው አለ። ጨው ያለበት እርጥበት ብረትን ከተራ ውሃ በፍጥነት ይበላል። መታጠብ አለበት፤ መታጠቡ ጥሩ ነው። ግን ባቲ ወይም ኮምቦልቻ አጥባችሁ እዚያው አታቁሙ። ንፋስ ታንኩ ውስጥ የሚጠራቀመውንም ውሃ በየቀኑ ከሥር ከፍታችሁ አስወጡት። እሱ ውሃ ወደ ቫልቮቹ ሄዶ ውስጣቸውን ያዝጋል፤ ያኔ ፍሬን የሚዘገየው ታምቡሩ ጋ ሳይሆን ከላይ ነው። ይሄን የማያደርግ ረዳት ካያችሁ አስተምሩት፣ አትቆጡት። ያልተነገረውን ከየት ያመጣዋል?

ባለባትሪው

የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው እዚህ አለ? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ገዝተን ደሴ የምንነዳ አለን። የእኔ ዲስክ ከሌላው መኪና ይልቅ ይዝጋል። ሳልታጠብም ጠዋት ጠዋት ስነሳ "ጧ" ይላል።

አያ ጋራዥ

እኔ በባትሪ መኪና ላይ ብዙ አልሠራሁም። ሐረጎ፣ የምታውቀው ካለ ተናገር።

ሐረጎ

የአጎቴ ልጅ አለው፤ ከእሱ የተማርኩትን ልበል። የኤሌክትሪክ መኪና እግርህን ከፔዳል ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ሆኖ መኪናዋን ያዘገያል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ስለዚህ የፍሬን ሸራው ሥራ ፈት ነው። ሥራ የፈታ ዲስክ ዝገቱን የሚፍቅለት አያገኝም። ብዙዎቹ ደግሞ መኪናው ሲጠፋ የእጅ ፍሬኑን በራሳቸው ነው የሚስቡት፤ አንተ ባትስበውም ይሳባል። አንዳንዱ ላይ ይሄን ማጥፋት ይቻላል፤ መመሪያ መጽሐፉን እይ። ደሴ ዳገት ላይ ግን አታጥፋው።

የሚረዳህ ሜዳ ላይ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ኒውትራል አድርገህ የእግር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው። ኒውትራል ላይ ሞተሩ ስለማያግዝ ሸራው ራሱ ይሠራል፤ ዲስኩ ይጸዳል። ከታጠብክ በኋላ በተለይ። ቁልቁለት ላይ እንዳታደርገው።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቅ። ደሴ ባትሪውን እስከ ጫፍ ሞልተህ ወደ ኮምቦልቻ ከወረድክ ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ሞተሩ የለመድከውን ያህል አያዘገይልህም። ያኔ የምትወርደው በዚያው በዛገው ፍሬን ነው። ለመውረድ ስታስብ ሙሉ አትሙላው።

ባለባትሪው

ለካ ለዚህ ነው ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ለስልሶብኝ የነበረው። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ጦሳ ሥር

ውጤቱን ልንገራችሁ። ታምቡሩ አያ እንዳሉት በሁለት ቡሎን ተገፍቶ ወጣ። ግራው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ነበረ፣ ከሥር ተጋግሮ። ሸራው ከጫማው በጠርዝ በኩል መላቀቅ ጀምሯል። ትንሿ ፓምፕ ደህና ናት፣ ደረቅ ናት። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ግን ግራው ላይ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ውስጡ ዝጓል። ሲለቁት ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከላይ ማንሻው ደህና ነው የሚመስለኝ፣ ታች ግን ሙሉ በሙሉ አይለቅም ነበር።

መካኒኩ የግራውን ሸራ ብቻ ልቀይርልሽ፣ ቀኙ ገና ነው አለኝ። ምን ልበለው?

አያ ጋራዥ

ሁለቱንም ጎን ይቀይር። ግራው አዲስ፣ ቀኙ አሮጌ ከሆነ አያያዛቸው አይተካከልም። ዝናብ ላይ በድንገት ስትይዢ ኋላዋ ወደ አንድ ጎን ሊሄድ ይችላል። የሚወጣውን የቀኙን ሸራ መጣል ካልፈለግሽ አስቀምጪው እንጂ አንዱን ብቻ አታስቀይሪ። ገመዱንም ይቀይረው። ዘይት አንጠባጥቦ ማለሳለስ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ውሃ መግባቱን አይተውም። የታምቡሩን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍገው፣ በብሩሽና በፍሬን ማጽጃ ያጽዳው። በአፉ አይንፋው፤ የሸራ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ካላወቅሽ አብሮ ይቀየር። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት ነገር ነው፤ ሐረጎን ለሚመላለስ ሰው አይበዛበትም።

ጦሳ ሥር

እሺ አያ፣ ሁሉንም እንዳሉት አስደርጋለሁ። ሲያልቅ ወዲያው ወደ ኮምቦልቻ ብወርድባት ችግር አለው?

አያ ጋራዥ

አዲስ ሸራ ታምቡሩን በሙሉ ገጹ አይነካም። መጀመሪያ ላይ አያያዙ ደከም ይላል። ለጥቂት ቀን ከተማ ውስጥ ለስለስ እያደረግሽ ያዢ፤ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ውረጂ፣ በሁለተኛ ማርሽ። ሸራው ሲቀመጥ የእጅ ፍሬኑ ላላ ይላል፤ ማንሻው ከበፊቱ ከፍ ብሎ መያዝ ከጀመረ ጋራዤ ብቅ በይ፣ ላስተካክልልሽ። ከፋብሪካዎቹ በታች ነኝ፤ ጎሚስታዎቹን ብትጠይቂ ያሳዩሻል።